ሦስተኛው ዝርዝር

በ2071 ዓ.ም. መስከረም ላይ ኮምቦልቻ ውሃዋን የምታገኘው ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ሜትር ጥልቀት ነበር። ዋናው ጉድጓድ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተራዝሟል፤ ውሃው እንደገና እየሸሸ ስለነበር ለአምስተኛ ጊዜ ሊራዘም ታቅዷል። ከታች ያለው ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋዩን የሚፈጩት በመቆፈሪያው ራስ ላይ የሚተከሉ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህሉ ጥርሶች ናቸው። ጥርሶቹ የሚሠሩት እዚያው ከተማው ዳርቻ ባለ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በደብዳቤ ላይ የሚጻፍ ረጅም ስም አለው፤ ሰው ግን የጥርስ ፋብሪካ ይለዋል።

ሰዓዳ ይመር የጥርስ ፋብሪካው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች። ዕድሜዋ አርባ ስምንት ነው፤ ሃያ ሁለቱን ዓመት ያሳለፈችው በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ማይክሮስኮፕ ፊት ነው። ከምድጃ ከወጣው ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ጥርስ ታነሣለች፤ ትቆርጠዋለች፤ የተቆረጠውን ገጽ እንደ መስታወት እስኪያበራ ትወለውለዋለች። ከዚያ ውስጡን አይታ «ይለፍ» ወይም «አይለፍ» ብላ ትፈርማለች። 

ጥርሱ የሚሠራው ከዱቄት ነው። ግራጫው የተንግስተን ካርባይድ ዱቄት ከኮባልት ጋር ይደባለቃል፣ ተጨምቆ ቅርጽ ይይዛል፣ በግራፋይት ትሪ ላይ ተደርድሮ ምድጃ ይገባል። ሙቀቱ አንድ ሺህ አራት መቶ ዲግሪ ሲጠጋ ኮባልቱ ይቀልጥና ቅንጣቶቹን አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። ችግሩ በዚያው ሰዓት ትልልቆቹ ቅንጣቶች ትንንሾቹን እየዋጡ ማደጋቸው ነው። ቅንጣቱ የገዘፈ ጥርስ ድንጋይ ላይ አይቆይም። ይህን ለመከልከል ብርቅዬ ከሚባሉት የምድር ማዕድናት የተዘጋጀ ሌላ ዱቄት በጥቂቱ ይጨመርበታል። ዱቄቱ በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ እንዳይዋዋጡ ያግዳቸዋል፤ ብረቱን የሚያደክሙትን ድኝና ኦክስጅንም ይይዛል። ሠራተኛው ይህን ዱቄት ብርቄ ይለዋል።

ብርቄ ከውጭ መምጣት ካቆመ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ የሚገኘው ከሰው ቤት ነው፤ ማግኔት ውስጥ ስላለ።

የመጀመሪያው ዝርዝር የወጣ ጊዜ ሞተርና ድምፅ ማጉያ ተሰበሰበ። ባጃጅ ቀረ፣ ጋሪ ተመለሰ። መስጊዶቹም አብያተ ክርስቲያናቱም ድምፅ ማጉያቸውን በአንድ ቀን በአንድ መኪና ላይ ጫኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙአዚኑ የሚጣራው በባዶ ጉሮሮው ነው፤ ሁለት ሰፈር አልፎ አይሰማም። ሁለተኛው ዝርዝር ስልክን ነካ። ስልክ የሚነበብ ብቻ ሆነ፤ የሚሰማ ዕቃ መሆኑ ቀረ። የሴቶች ቦርሳ ማግኔቱ ተነቅሎ በክርና በቁልፍ ይዘጋል። ሰው ይህን ሁሉ ለመደ። ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው ሠራተኛ በር ላይ እጁን ዘርግቶ ይቆማል፤ ጥበቃዋ በክር የተንጠለጠለ መርፌ ከራሱ እስከ እግሩ ታሳልፍበታለች። መርፌው ዘንበል ካለ ሰውየው ከሰልፍ ወጥቶ ኪሱን ይገለብጣል። ይህም ተለምዶ፣ ሰው እጁን ዘርግቶ ከኋላው ካለው ጋር ወሬውን ይቀጥላል።

የሰዓዳ ባል አራጋው በየትኛውም መሥሪያ ቤት በር ሲያልፍ መርፌው ወደ ጆሮው ይዞር ነበር። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት መስማት አቁሞ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በቀዶ ሕክምና መስሚያ ተገጠመለት። አንዱ ቁራጭ ከቆዳው ሥር የተቀበረ ነው፤ ሌላው ከጆሮው ጀርባ በማግኔት ይለጠፋል። የውጭው ሲነሣ አራጋው ምንም አይሰማም፤ ሲለጠፍ ይሰማል። ጥበቃዎቹ ስለሚያውቁት ስቀው ያሳልፉታል።

አራጋው የሰፈሩ ቦኖ ተቆጣጣሪ ነበር። የተራ ቁጥር ይጠራል፣ ጀሪካን ይቆጥራል፣ ሰልፍ ሲፈርስ ያስተካክላል፣ ከቀበሌ የመጣ ማስታወቂያ ካለ ለሕዝቡ ያነባል። ወሬ ይወዳል። ሲመሽ ቤቱ ገብቶ የቀኑን የሰልፍ ወሬ ለሰዓዳ ሲያወራላት የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ እያስመሰለ ነው፤ የቁጥር አርባ ሁለትን መነጫነጭ፣ የጋሪ ነጂውን ትዕቢት። ልጅ አልወለዱም። ቤቱ ውስጥ ያለው ድምፅ የእሱ ወሬ ነበር።

በኅዳር ወር ሰዓዳ አንድ ነገር አየች። ከምድጃ የሚወጡት ጥርሶች ውስጥ ያለው ቅንጣት ገዝፏል። ብርቄው በልኩ ተጨምሯል፤ መዝገቡን ራሷ አይታለች። ነገር ግን የአንዱን ጥርስ መሀል ብትፈልግ ብርቄ የለም። ማይክሮስኮፑን ወደ ጠርዙ ስትወስደው አገኘችው። ከፀጉር በቀጠነ ነጭ ሽፋን ሆኖ፣ ከድኝና ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ፣ የጥርሱን ገጽ ዙሪያውን ለብሶታል። ምድጃው ውስጥ ኮባልቱ ሲቀልጥ ጠብቆ ወደ ውጭ ወጥቷል።

አርባ ጥርስ ቆረጠች። አርባውም እንደዚያው ነበሩ። ስታሰላው ከሚጨመረው ብርቄ ከመቶ ዘጠና አንድ እጁ ገጽ ላይ ነው ያለው።

ከዚያ ተነሥታ ወደ ሞረዳ ክፍል ሄደች። እያንዳንዱ ጥርስ ከምድጃ ሲወጣ ከልኩ ትንሽ ይበልጣል፤ ሞራጆቹ ዙሪያውን ይልጉትና ትክክለኛ መጠኑን ያስይዙታል። የሚልጉት ያንን ሽፋን ነው። ከሞረዱ የሚወርደው ውሃ ነጣ ብሎ በቦይ ወደ ገንዳ ይገባል፤ ከገንዳው የሚወጣው ዝቃጭ በበርሜል ተጭኖ ጓሮ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል። ሰዓዳ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆማ አየችው። የስድስት ሰፈር ድምፅ ማጉያና የከተማው ሰው ስልክ ሁሉ እዚያ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ትሪው ነው። ድሮ ትሪው ከንጹሕ ግራፋይት ይሠራ ነበር፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ የሚሠራው ከውዳቂ ግራፋይት ነው፤ ውዳቂው ደግሞ ድኝ አለበት። ብርቄ ድኝ ይወዳል፤ ድኙ ወዳለበት ወደ ውጭ ይሳባል። መጋዘን ውስጥ ሁለት አሮጌ ትሪዎች አግኝታ አሥር ጥርስ አስጋገረችባቸው። በአሥሩም ብርቄው መሀል ላይ ቀርቷል። ቅንጣቱም ደቃቅ ነው።

አራት ገጽ ሪፖርት ጻፈች። ትሪው ይለወጥ፤ እስኪለወጥ ዝቃጩ አይደፋ፣ ይቀመጥ፤ ትሪው ከተለወጠ አሁን ከሚጨመረው አንድ አምስተኛው ይበቃል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ደስ ብሏት የጻፈችው ነገር አልነበረም።

የምርት ኃላፊው ኢንጂነር ምኅረቱ በዕድሜ ያንሷታል፤ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ሪፖርቱን ፊት ለፊቷ አነበበው።

«እትዬ ሰዓዳ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«አርባ ጥርስ ቆርጫለሁ።»

«ንጹሕ ግራፋይት ከየት ይመጣል? ካየነው ሦስት ዓመታችን ነው።»

«ካልሆነ ዝቃጩ ይጠራቀም። አንድ ቀን የሚያጣራው ሰው ይመጣል።»

«ለበላይ ኮሚቴው እልከዋለሁ» አለ። ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አውጥቶ ሰጣት። «ይህችን ከላይ ሞልተው ያያይዙበት። ያለ እሷ አይቀበሉም።»

ቅጹ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ በምርቱ ውስጥ የሚገኘው የጭማሪ መጠን በቂ ነው ወይስ አይደለም? መልሱን የሚጽፉበት ሳጥን የሁለት ቃል ያህል ስፋት አለው። ሰዓዳ «በቂ አይደለም» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ውሸት አይደለም።

መልሱ ጥር አጋማሽ ላይ መጣ። «በባለሙያ በቀረበው ጥናት መሠረት በምርቱ ውስጥ የሚገኘው ጭማሪ በቂ አለመሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ከየካቲት 1 ቀን ጀምሮ መጠኑ በእጥፍ እንዲያድግና ለዚሁ የሚያስፈልገው ግብዓት በአስቸኳይ እንዲሰበሰብ ተወስኗል።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ወረቀቱን ይዛ ምኅረቱ ቢሮ ገባች።

«አላነበቡትም!»

«አንብበውታል። የመጀመሪያውን ገጽ።»

«ጽፈህ አስረዳቸው እንግዲህ!»

«ጽፌአለሁ። ውሳኔ ከወጣ በኋላ የሚመጣ አስተያየት ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ነው የሚታየው አሉኝ።» ዓይኗን ማየት አልቻለም። «ይቀመጡ እስቲ እትዬ ሰዓዳ። ቆመው አይሆንም።»

አልተቀመጠችም።

ሦስተኛው ዝርዝር በዚያው ሳምንት ቦኖው ላይ ተለጠፈ። ያነበበው አራጋው ነው፤ ሥራው ነው። ከመቶ የሚበልጥ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ቆሞ ይሰማዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ወረደ። ቁጥር ሰባት ላይ ሲደርስ «ለመስሚያነት የሚያገለግሉ ማናቸውም መሣሪያዎች፣ ከሰውነት ውጭ ያለው ክፍል በሙሉ» ብሎ አነበበ። ቆመ። መላው ሰልፍ ወደ ጆሮው አየ።

«እኔንም ጨምሮ ነው መሰለኝ» አለ ፈገግ ብሎ፤ ከዚያ ቁጥር ስምንትን ቀጠለ።

ይህን ለሰዓዳ የነገራት ሲመሽ ራሱ ነው። የሰውን ድምፅ እያስመሰለ አላወራውም። የማያስረክብ ቤት የውሃ ተራ ቁጥሩ እንደሚሰረዝ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል። ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ብቻ ነው፤ እሷም ዝርዝሩን ፋብሪካው በር ላይ አንብባ፣ ቀን ላይ ሄዳ ጠይቃ ተመልሳለች።

«ስሚኝማ» አለ። «እኔ ቦኖ ላይ ነው የምውለው። ጀሪካን አዝላ መጥታ ባዶውን ተሸክማ የምትመለስ ነፍሰ ጡር አያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አንቺ ከጥርሱ ጋር ነው የምትውይው፣ ታውቂያለሽ። ይጠቅማል?»

ሰዓዳ ሻይ እየቀዳች ነበር። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። እውነቱን ብትነግረው አላስረክብም ይላል፤ ካላስረከበ ውሃ የለም፤ ውሃ ከሌለ መጨረሻ ላይ ማስረከቡ አይቀርም፤ ያኔ ግን ምሬቱም ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ ያሰበችው ማንቆርቆሪያውን ከማስቀመጧ በፊት ነው።

«ይጠቅማል» አለችው።

«በቃ» አለ አራጋው። ሻዩን ጠጣ። «በቃ፣ ከጠቀመ።»

የማስረከቢያው ቀን ዓርብ ነበር። የማዕድን መዋጮ ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። የግቢያቸው ጎረቤት ጦይባ እናቷን እማማ ረህመትን ደግፋ ከፊታቸው ነበረች። እማማ ረህመት ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጆሮአቸው ውስጥ የምትገባ ትንሽ ማዳመጫ አለቻቸው። ተራቸው ሲደርስ ልጃቸው ደጋግማ ብትነግራቸውም ለምን እንደመጡ የገባቸው አልመሰሉም። ጦይባ ራሷ አወለቀችላቸው። ሲወጡ አሮጊቷ ጆሮአቸውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ «ውሃ ገባበት? ውሃ ነው የገባበት?» ይሉ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች። ፊቷ ነጭ የብረት ሳህንና ሚዛን አለ።

«እኔ የምለው» አላት አራጋው፣ «ማግኔቷን ብቻ ወስዳችሁ ቀሪውን ብትመልሱልኝስ? በፕላስተር እለጥፈዋለሁ። ይሠራል፣ ሞክሬዋለሁ።»

«ጋሼ፣ በሙሉው ነው የምንረከበው። የሚፈታልን ሰው የለም።»

«እኔ ልፍታው?»

«መመሪያው በሙሉው ይላል» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «አውልቀው ሳህኑ ላይ ያስቀምጡልኝ።»

አራጋው ወደ ሰዓዳ ዞረ። እጁ ጆሮው ጋ ደርሷል።

«አንድ ነገር በይኝ» አላት።

ሰዓዳ አፏን ከፈተች። ሃያ ሦስት ዓመት አብረው ኖረዋል። ልጅቷ ትጠብቃለች፤ ከኋላቸው ሰው ያስላል። ልትለው የሚገባ ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ብትፈልገው ግን አንድም ቃል አልመጣላትም።

«ቁልፉን ይዘሃል?» አለችው።

አራጋው ሳቀ። «ይዣለሁ» አለ፣ አወለቀው፣ ሳህኑ ላይ አኖረው። ልጅቷ መዝና ደረሰኝ ጻፈችለት። «እናመሰግናለን» አለችው፤ እንደማይሰማት ትዝ ሲላት አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ከኋላ የመጣ ጋሪ ሊመታው ነበር፤ ሰዓዳ እጀ ጠባቡን ይዛ ጎተተችው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ እጁን ይዛ ትሄድ ጀመር።

ቦኖው ላይ ሁለት ሳምንት ቆየ። ቁጥር መጥራት ይችላል፤ ጠብ ሲነሣ ግን ማን ማንን እንደሰደበ አያውቅም፤ ሰውም ይህን ስላወቀ ሰልፉ ይፈርስ ጀመር። በሌላ ሰው ተተካ። ቤት ተቀመጠ። ሰዓዳ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ጠብቆ ፊቷን ያያል፤ የምትነግረውን በደብተር ትጽፍለታለች፤ እሱ በቃሉ ይመልሳል። ድምፁ ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ሄደ። ራሱን ስለማይሰማ ልኩ ጠፍቶታል። ጨው አቀብዪኝ ሲል አጥር ውጭ ይሰማል። መጀመሪያ ላይ በእጇ ዝቅ በል እያለች ታሳየው ነበር፤ እሱም ደንግጦ ዝም ይል ነበር፤ ከዚያ ዝምታው ስላስፈራት ማሳየቱን ተወችው። የሰልፍ ወሬም ቀረ። እሷ የምትጽፍለት ወሬ አልነበራትም።

መጋቢት ላይ እጥፍ ብርቄ የገባባቸው ጥርሶች ወደ ውሃ ጉድጓዱ ወረዱ። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሜትር ላይ ተሰበሩ። መጀመሪያ ስድስት፣ በማግስቱ ሁሉም። የተሰበሩት ሰዓዳ ጠረጴዛ ላይ መጡ። ቆርጣ አየች። እንደ ፊቱ አብዛኛው ብርቄ ወደ ገጽ ወጥቶ ተልጎ ሄዷል። ቅንጣቶቹም እንደ ፊቱ ገዝፈዋል። ከመጠን ያለፈው ብርቄ ደግሞ መውጫ አጥቶ መሀል ላይ እዚህም እዚያም ተቋጥሯል፤ ስንጥቁ ሁሉ የሚነሣው ከቋጠሮው ነው። ድሮ የነበረው ጥርስ ደካማ ነበር። ይሄኛው መስታወት ነው።

ይህንንም ጻፈች። ለዚህ ቅጽ አልነበረም።

ሚያዝያ ውስጥ ከበላይ ኮሚቴው አራት ሰዎች መጥተው ፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰዓዳና ምኅረቱ ተጠሩ። ሰብሳቢው ሪፖርቷን ሙሉውን አንብቦት እንደመጣ ከጥያቄው ታውቃለች፤ ዳር ዳሩን ቀይ መስመር አስምሮበታል።

«ስለዚህ ብርቄ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» አላት።

«ያስፈልጋል። ትሪው ከተለወጠ አንድ አምስተኛው ይበቃል።»

«ካልተለወጠስ?»

«ካልተለወጠ ብንጨምርም ብንቀንስም ወደ ውጭ ነው የሚሄደው። ሞረዱ ይጠርገዋል።»

«ትሪ የለም» አለ ሰብሳቢው። ቁጣ አልነበረበትም። «እስካሁን የተሰበሰበው የት ነው ያለው?»

ምኅረቱ መለሰ። «ጓሮ። ጉድጓድ ውስጥ ነው።»

«ማውጣት ይቻላል?»

«ከዘይትና ከብረት ብናኝ ጋር ተደባልቋል። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጎርፍ ገብቶበት ግማሹን ወደ ቦርከና ወንዝ ወስዶታል።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ከአራቱ አንዱ በመስኮት ውጭውን ያይ ጀመር። በመጨረሻ ሰብሳቢው ጸሐፊውን አዘዘ፦ የጭማሪው መጠን ወደ ቀድሞው ይመለስ፤ ንጹሕ ትሪ እስኪገኝ ድረስ መሰብሰቡ ለመጠባበቂያ ይቀጥል።

«መሰብሰቡ ይቀጥላል?» አለች ሰዓዳ።

«ዛሬ ቁም ብንል ነገ ለምን እንደጀመርን ይጠይቁናል» አላት። ከዚያ ወደ እሷ ዘንበል ብሎ፣ እንደ ዘመድ ሆኖ፣ «ይህ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። ለእርስዎም ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው የእርስዎ ጥናት ነው፤ ቅጹ ላይ ያለውም የእርስዎ ፊርማ» አላት።

እሑድ ረፋዱ ላይ የግቢው ሰው የሳምንቱን የልብስ ውሃ ተከፋፍሎ ያጥባል። ጦይባ በረንዳዋ ላይ ጎንበስ ብላ ታሻለች። እማማ ረህመት ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማዳመጫዋ ከሄደች ወዲህ ከማንም ጋር አይነጋገሩም፤ ልጃቸውን እንኳ እንደ እንግዳ ያዩአታል። ሁለት ሌሎች ሴቶች ገመድ ላይ ያሰጣሉ።

ሰዓዳ ቤት ውስጥ ከአራጋው ፊት ለፊት ተቀምጣ ደብተሩን ሳበች። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ «ጥርሱ እንዴት ሆነ? የእኔዋስ ወረደች?» ብሎ ጠይቋታል። ከየካቲት ጀምሮ ሲጠይቃት የነበረ ነገር ነው። ልትዋሽ ትችል ነበር። አንድ ጊዜ ዋሽታለች፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ እያየችው ኖራለች፤ ከዚህ በላይ አልቻለችም። አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች። ሪፖርቱን፣ ቅጹን፣ ሳጥኑን፣ ጉድጓዱን፣ ጎርፉን፣ ስብሰባውን። መጨረሻ ላይ «ይጠቅማል ያልኩህ ውሸት ነው። ያስወሰድኩብህም እኔ ነኝ» ብላ ደብተሩን አዞረችለት።

አራጋው ቀስ ብሎ አነበበ። ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። ፊቱ ላይ የምትፈራውን ቁጣ ፈልጋ አጣች። ያለው አንድ ነገር ጠፍቶበት የት እንዳስቀመጠው ሊያስታውስ የሚሞክር ሰው ፊት ነው።

ከዚያ ተነሥቶ አጠገቧ መጣ። ወደ በሩ አየት አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ አፉን ጆሮዋ ሥር አስጠጋ፤ እጁንም እንደ ሚስጥር ነጋሪ አፉ ላይ ከለል አደረገ። እሱ እያንሾካሾከ ነው።

«ለማንም አንናገርም!» አለ። የበረንዳው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። «ሰማሽ? ጦይባ ከሰማች፣ የእናቷ ማዳመጫ ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ እንደተደፋ ካወቀች ታብዳለች! አንቺ ፈርመሽ እንዳስወሰድሻቸው ካወቁማ እዚህ ግቢ አያኖሩንም! እኔ ይቅር ብያለሁ! በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር!»

ሰዓዳ መዳፏን አፉ ላይ ጫነች፤ ዘግይታለች። ውጭ የልብስ መታሸቱ ድምፅ ቆመ። የሚያሰጡት ሴቶች ድምፅም ቆመ።

ጦይባ እጇ አረፋ እንደሆነ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አልጮኸችም።

«እትዬ ሰዓዳ» አለች። «በአላህ፣ እውነት ነው?»

አራጋው ጥላዋን አይቶ ቀና አለ። እንግዳ በማየቱ ደስ ብሎት ወንበሩን በእግሩ ገፋ አደረገላት። «ግቢ ጦይባ! ግቢ እንጂ!» አለ። አፏ መንቀሳቀሱን አይቷል፤ ያለችውን ግን አላወቀም። ደብተሩን አነሣ፤ የተጻፈበትን ገጽ ጎረቤት እንዳያይ በጥንቃቄ ገለበጠ፤ ባዶውን ገጽ ከእርሳሱ ጋር ሚስቱ ፊት አደረገ።

«ምን አለች?» አላት። «ጻፊልኝ።»